ትንፋሽ የሌለበት ትምህርት

እናቷን ለረሃብ የዳረጋት የእሷው ሥራ ነው። ነገሩን አሽሞንሙኖ መናገር ይቻላል፤ ወንድሟም፣ አለቃዋም፣ ዋና ነርሷም በየተራ አሽሞንሙነውታል። እሷ ግን አልተቀበለቻቸውም። ክፋት አልነበረባትም፣ ስንፍናም አልነበረባትም። ሥራዋን ከሚገባው በላይ አጥርታ ሠራች፤ የጠራው ሥራም ዞሮ ዞሮ እናቷ አልጋ ድረስ መጣ።

የምትሠራው ቋንቋ በሚያስተምር ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቱ ከሌላ አገር ለሥራ ለሚመጡ ሰዎች የአገሬውን ንግግር በስልክ ያስተምራል። መምህር የለም፣ ሰሌዳ የለም። ሁለት የአገሬው ሰዎች ቁጭ ብለው እንደ ልባቸው ሲያወሩ ይቀዳሉ፤ ከዚያ ወሬውን ማሽን ያዘገየዋል። ተማሪው ስልኩ ላይ ያለችውን ምልክት በጣቱ ወደ ግራ በሳበ ቁጥር ንግግሩ ይንቀራፈፋል። ድምፁ ግን አይወፍርም፣ እንደ ሰካራም አይንተባተብም፤ ሴቷ ሴት፣ ሽማግሌውም ሽማግሌ ሆኖ ይቀጥላል። «እነዚህ ሰዎች ሲናገሩ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው የሚመስሉት» እያለ ሲያማርር ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የእሷ ድርሻ ማጽዳት ነው። የተቀዳውን እየሰማች ሳሉን፣ የወንበሩን ሲጥጥታ፣ የመኪናውን ጡሩምባ እየቆረጠች ታወጣለች። ስለዚህ ባልደረቦቿ መቀስ ይሏታል። ስሙ ለጸባይዋም ልክክ ይላል፤ ሰው ጀምሮ ሳይጨርስ ወሬውን ቆርጣ ራሷ ትጨርስለታለች። ስትናገር ከመፍጠኗ የተነሳ ማሽኑ መጀመሪያ የተሞከረው በእሷ ድምፅ ነው። አለቃዋም «መቀስን ማዘግየት ከቻለ ማንንም ያዘገያል» ብሎ ቢሮውን አስቋል። እናቷ በበኩሏ ልጇ በሕፃንነቷ ካልሲዋን ከጫማዋ በላይ ያጠለቀችበትን ቀን እያነሳች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትላት ነበር። መቀስ ይህን ተረት ከመስማቷ ብዛት የተነሳ መስማት ካቆመች ቆይታለች።

ማሽኑ አንድ ጣጣ ነበረበት። ቃል ሲዘገይ ያው ቃል ነው፤ ትንፋሽ ሲዘገይ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ሰው በወሬ መሃል የሚስባት ኢምንት አየር ስትለጠጥ ወንዝ ውስጥ የሚሰጥም ሰው ድምፅ ትመስላለች። ተማሪዎች ቅሬታ ማቅረብ ጀመሩ። አንዱማ ሴትዮዋ ቲማቲም እየገዛች ነው ወይስ እየሞተች ብሎ ጠየቀ። መቀስ አላመነታችም። ማሽኑ ትንፋሽ የሚመስለውን ሁሉ ከየቅጂው እየለቀመ እንዲጥል፣ ጥሬውንም አጥፍቶ የጸዳውን በቦታው እንዲያስቀምጥ አዘዘችው። ጥሬውን ማጥፋት ለምን እንዳስፈለገ አንድ ባልደረባዋ ቢጠይቅ፣ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ አይደለንም ብላ አሳጠረችው። ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። አለቃዋ በሰው ፊት አመሰገናት፣ ሌላ ሥራም ደረበላት።

ከትንፋሹ ጋር ምን አብሮ እንደተጣለ ያስተዋለ አልነበረም። የዚያ አገር ሰው «አዎ» ለማለት ሁልጊዜ አዎ አይልም። አብዛኛውን ጊዜ አፉን ገርበብ አድርጎ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፤ እንደ መደንገጥ ያለች፣ አጭር፣ ጉሮሮ ላይ የምትቀር ነገር። ደህና አደርሽ? ሳብ። ልጆቹ ደህና ናቸው? ሳብ። ይህችን ማንም እንደ ቃል አይቆጥራትም። ትምህርት ቤት አያስተምሯትም፣ መዝገበ ቃላት አያውቃትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው እንዲሉ፣ የአገሬው ጆሮ ጠዋት ማታ እየሰማት ሰምቷት አያውቅም። ድምፅ በመስማት እንጀራዋን የምትበላው መቀስም አልሰማቻትም።

እናቷ ዕድሜዋን በስልክ ማዞሪያ ቤት ያሳለፈች፣ ድምፅዋ የታወቀ ሴት ነበረች። ድርጅቱ ሲጀመር ጥርት ያለ አንደበት ያለው ሰው ሲፈለግ መቀስ እናቷንና የእናቷን ጎረቤት አምጥታ ማይክሮፎን ፊት አስቀመጠቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ስለሚያፈስ ጣሪያ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ ዋሉ። ይኸው ወሬ ከትምህርቶቹ ሁሉ በብዛት የሚደመጠው ሆነ። እናቷ የልዩ ልዩ ቋንቋ ሰዎች በማታውቀው አገር ተቀምጠው ስለ ጣሪያዋ እንደሚሰሙ ሲነገራት፣ «ታዲያ አንዱ መጥቶ አይጠግንልኝም?» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ ደረቀ፣ አንገቷ ትራስ ላይ ቀረ፣ ምላሷ ታሰረ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ እሷን ግን አፏ ሙሉ በሙሉ አልከዳትም። ትንፋሿን ትቶላታል። አዎ ስትል አየር ሳብ ታደርጋለች፣ አይሆንም ስትል ዓይኗን ትጨፍናለች። ውሃ ላምጣልሽ? ሳብ። መብራቱን ላጥፋው? ዓይን ጭፍን። ከዚህ በኋላ የእናትና የልጅ ጨዋታ ይኸው ሆነ፤ መቀስም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቷ ጋር የያዘችው ወሬ ቶሎ ቶሎ በማለቁ በድብቅ ሳይመቻት አልቀረም።

ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እሷም ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ እናታቸው መጦሪያ ቤት ገባች። ክፍሉ መጥፎ አልነበረም። ግድግዳው የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ይመስላል፣ መስኮቱ የጎረቤት ሕንፃ የውሃ ታንከር ያሳያል። በሩ ግን ወደ መተላለፊያው ነው የሚከፈተው፤ በመተላለፊያው ሰው ይመላለሳል፣ ጋሪ ይገፋል፣ ሐሜት ያልፋል። መቀስ ስትወጣ ሁልጊዜ በሩን ክፍት ልተወው ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሁልጊዜም ሳብ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወሬ ስታገናኝ ለኖረች ሴት የተዘጋ በር ቅጣት ነበር።

መጀመሪያ ያስታመመቻት የአገሬው ሴት ነበረች፤ ችግር አልነበረም። እሷ ሌላ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ከሌላ አገር የመጣች አስታማሚ ገባች። ደርባባ፣ ትዕግሥተኛ፣ የአልጋ ልብስ ስታነጥፍ አንድ ሽብሽብ የማታስቀር ሴት። ቋንቋውን የተማረችው ከእነመቀስ ድርጅት ትምህርት ብቻ ነው። ንግግሯን ሁሉ በ«እባክዎ» ስለምትጀምር እባክዎ የሚል ቅጽል ወጣላት። አነጋገሯም እንደ ተማረችው ነው፤ ቃሉን እንደ ላስቲክ ትስበዋለች። አንድ ጡረተኛ መምህር፣ እሷ እግርዎን ያንሱ ብላ እስክትጨርስ እግሬ ይደነዝዛል እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷም ቀልዱ ዘግይቶ ሲገባት ዘግይታ ትስቅ ነበር።

መቀስ ኮራችባት። በድርጅቱ የተማረ ሰው ሥራ ላይ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ይህችኛዋን ለእናቴ ስጡልኝ ብላ የመጦሪያ ቤቱን ዋና ነርስ የጠየቀችው ራሷ ናት። ርክክቡንም የፈጸመችው በመተላለፊያው ላይ፣ እየተራመደች ነው። እናቷ መናገር እንደማትችል፣ ግን ሁሉ ነገር እንደሚገባት ነገረቻት። «ሳትጠይቂያት ምንም እንዳታደርጊላት፤ ግዑዝ አይደለችም። ጠይቂያት፣ ትነግርሻለች» አለቻት። እንዴት እንደምትነግራት አልተናገረችም። መናገር እንዳለባት አልመጣላትም። ሰው ሲስቅ ጥርሱ ይታያል ብሎ ለሰው የሚያስረዳ ማን አለ?

እባክዎ ደግሞ የተነገራትን የማትሸራርፍ ሰው ናት። ማንኪያዋን ይዛ ትጠይቃለች፤ መልስ ትጠብቃለች። መልስ አይመጣም። በምትኩ የአሮጊቷ ደረት ይነሳል፣ አየር ሽው ብሎ ይገባል። ለእባክዎ ይህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትንፋሽ ማጠር። ትንፋሹ ያጠረውን በሽተኛ ማጉረስ ሊያንቀው እንደሚችል አስታማሚ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ማንኪያውን ታወርዳለች፣ ደረቷን ታሻሻለች፣ አይዞዎት ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግማ ትጠይቃለች። አሮጊቷ ይበልጥ አጥብቃ ትስባለች። እባክዎም ይበልጥ ትሰጋለች፤ ሾርባው ቀዝቅዞ ይመለሳል። በሕይወት ያቆየቻት፣ ማንንም ሳትጠይቅ እንደ ከረጢት የምትሞላት የማታ ተረኛዋ ናት።

ለመቀስ የተነገራት ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እምቢ ትላለች። እሑድ እሑድ መጥታ ራሷ ስታጎርሳት እናቷ ሳህኑን ጥርግ አድርጋ ትበላለች፣ ውሃውን ትጠጣለች፣ ልጨምርልሽ ስትባል ሳብ ታደርጋለች። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እምቢ፣ እሑድ እሺ። ይህን ያየ የቤቱ ልጅ ምን ይላል? ኩርፊያ ይላል። መጦሪያ አስገባችሁኝ ብላ አኮረፈች። ሁለቱም ልጆች በልባቸው ሲያሳክካቸው የኖረው ይኸው ስለነበረ ሌላ ምክንያት አልፈለጉም። ወንድሟ ከመንገድ ደውሎ ፍርዱን ሰጠ። «እያባበልሽ ያበላሸሻት አንቺ ነሽ። እሑድ እንደምትመጪ ስለምታውቅ ነው። ለጥቂት ሳምንት ቅሪባት፤ ሲርባት ከማንም እጅ ትበላለች።»

መቀስ ጨካኝ ምክር ነው ብላ ተከራከረች፤ ግን ለወጉ ያህል ነው። ድርጅቱ አዲስ ትምህርት ሊያወጣ ተጣድፏል፣ ሥራው አናቷ ላይ ወጥቷል። እውነቱን ለመናገር ምክሩ ተመችቷታል። ቀረች።

በቀረችበት ጊዜ ዋና ነርሷ አንዴ ደወለችላት። እናቷ ትንፋሽ እያጠራት ነው፣ በተለይ ምግብ ሲቀርብላት ይብስባታል ብላ አስታማሚዋ ሪፖርት አድርጋለች፤ ሐኪሙ ኦክስጅን አዟል፤ ቤተሰብ ይስማማል ወይ? መቀስ ዋና ነርሷን ሳታስጨርሳት እሺ አለች። ያስፈልጋል ያሉትን ሁሉ አድርጉ አለች። ስልኩን ስትዘጋ ማዳመጫዋ አንገቷ ላይ ነበር፤ አንድ የአውቶቡስ ተራ ወሬ እያጸዳች ነበር።

ተመልሳ የሄደችው በሥራ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ነው። በሩ ላይ ስትደርስ የተሳሳተ ክፍል የገባች መሰላት። አልጋው ላይ ያለችው ሴት ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የአንገቷ ጅማት ተገትሯል፣ አፍና አፍንጫዋ በፕላስቲክ ጭንብል ተሸፍኗል። ዓይኖቿ ብቻ የእናቷ ናቸው። ዓይኖቿ ልጇን አዩ፤ አልወቀሱም፣ ደስም አላላቸውም። አዩ።

እባክዎ ከወንበሯ ተነሳች። እንኳን መጡ ብላ፣ ቀስ ብላ ሁኔታውን ማስረዳት ጀመረች፤ መቀስ በሦስተኛው ቃል ላይ አቋርጣት ለምን አትበላም ስትል ጠየቀች። እባክዎ አልተቀየመችም። ይመልከቱ አለች። ጭንብሉን በጥንቃቄ ገለጥ አደረገች፣ ሾርባውን በማንኪያ ያዘች።

«እባአአክዎ እናቴ፣ ሾርባአአ ይፈልጋአአሉ?»

አሮጊቷ ሳብ አደረገች። ትንፋሿ ደካማ ነበረች፣ ግን ሙሉ ነበረች።

እባክዎ ማንኪያውን ወዲያው አወረደች። ደረቷን እያሻሸች ወደ መቀስ ዞረች። «አዩ? ምግብ ስል ትንፋሽ ይቆረጣል።»

«አዎ አለችሽ እኮ!»

«ምንም አላሉም።»

«አዎ አለችሽ! ሰማኋት፣ አሁን አዎ አለች!»

እባክዎ ግራ ገባት። የሰማችውን ቃል ፍለጋ ወደ ኋላ ያሰበች ይመስል ዓይኗ ጣሪያው ላይ ተንከራተተ። ቃል የለም። ከዚያ ከኪሷ ስልኳን አወጣች። የተማረችበትን ታውቃለች፤ ከትምህርቱ ውስጥ ሰው ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ራሷ ደርሳበታለች። ማስረጃ በያዘ ሰው እርጋታ፣ ምልክቷን ወደ ግራ ስባ ከፈተችው።

ሁለት ሴቶች እየተጎተቱ ማውራት ጀመሩ። የጣሪያው ወሬ ነው። መቀስ ድምፁን አወቀችው፤ የእናቷና የጎረቤቷ ነው። ጎረቤቲቱ ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ ብላ ጠየቀች። ዝምታ። እሰይ፣ አለች ጎረቤቲቱ። ከዚያ ስለ ልጆች ገቡ።

«ልጅሽ ትጠይቅሻለች?» አለች ጎረቤቲቱ፣ በስልኩ ውስጥ፣ እየተለጠጠች።

ዝምታ። የጠራ፣ የታጠበ፣ አቧራ የሌለበት ዝምታ። መቀስ ራሷ የሠራችው።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ከአልጋው ላይ አየር ሳብ ተደረገ።

እናቷ ናት። ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። የገዛ ድምፅዋ ከጎረቤቷ ጋር ሲያወራ ሰማች፤ መልሱ ሲጎድል ራሷ ሞላችው። ልክ በቦታው።

«ታድለሽ» አለች ጎረቤቲቱ።

እባክዎ ስልኩን አጠፋችው። በወሬው ውስጥ ያለውን ለማስረዳት ሞከረች። ይህቺ ሴትዮ ልጇ አትጠይቃትም፤ ስለምታፍር ዝም አለች፤ ጓደኛዋ ደግሞ ታድለሽ ብላ ቀለደችባት። ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ያሳዝነኛል አለች። ሰዎች ሲጠየቁ ዝም ካሉ አይሆንም ማለት ነው፤ ዝም ያለ ሰው አይገደድም።

መቀስ ድምፁ የማን እንደሆነ አልነገረቻትም። ምን ይረባል? ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ባልታየባት ዝግታ፣ አፏን ገርበብ አድርጋ አየር ሳብ አደረገች። «ይኸውልሽ። ይህ አዎ ነው።» ደገመችው። ደጋግማ ሳብ አደረገች፣ ራሷን እስኪያዞራት።

እባክዎ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ከዚያ አልጋው ላይ ያለችውን ሴት አየች። ከዚያ ሾርባውን አየች። የገባት ቀስ ብሎ ነው፤ ፊቷ ላይ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ይታይ ነበር። አላለቀሰችም። «እኔ ጠየቅሁ» አለች። «ሁልጊዜ ጠየቅሁ። እባክዎ፣ እኔ ጠየቅሁ።» ለመጀመሪያ ጊዜ በፍጥነት ተናገረች፤ ቃላቱ እርስ በርሳቸው ተደናቀፉ።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቷን ማጉረስ ተጀመረ። ግን ሰውነት ኩርፊያ ያውቃል። የመዋጥ አቅሟ ከስጋዋ ጋር ሄዷል፤ የገባው ግማሹ ወደ ሳንባዋ ተንሸራተተ። ሐኪሙ ጀርባዋን አዳምጦ የሳንባ ምች ነው አለ። ሲናገር መቀስን ሳይሆን ግድግዳውን ነበር የሚያየው፤ እሷም ቀሪውን ራሷ ጨረሰችለት።

ወደ ቢሮ ሄደች። ለእናቷ እንደማይደርስላት ታውቃለች፤ ሌላው ነው ያስጨነቃት። በየከተማው፣ በየሆስፒታሉ፣ በየመጦሪያው ያንን ትምህርት ተምረው ማንኪያ ይዘው የሚጠይቁ፣ የሚጠብቁ፣ ማንኪያውን የሚያወርዱ ሰዎች አሉ። ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም ጠያቂ። አለቃዋ ከልቡ አዘነላት፣ ውሃ አስመጣላት፣ እረፍት ውሰጂ አላት። ትንፋሹን እንመልሰው ስትለው ግን ፊቱ እንደ ሱቅ ተዘጋ።

«ከየት ነው የምንመልሰው? ጥሬውን ያስጠፋሽው አንቺ ነሽ።»

«እንደገና እንቅዳ።»

«ተማሪው ትንፋሹ ሲወጣለት ነው የወደደን። እኛ የምናስተምረው ቃል ነው፣ መቀስ። ትንፋሽ ማንም ያውቃል።»

ብትከራከረው ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። በመጨረሻ ትምህርቱ ግርጌ አንዲት ማሳሰቢያ እንድትገባ ፈቀደላት። መቀስ ጻፈችው፤ በዚህ ቋንቋ ሰዎች አየር ወደ ውስጥ በመሳብ አዎ ሊሉ ይችላሉ። አጭር፣ ግልጽ፣ ከሁሉ በታች። ተማሪ ግርጌ እንደማያይ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የጣሪያውን ወሬ ከፍታ በሙሉ ፍጥነት ሰማችው። የእናቷ ጥያቄዎች፣ የእናቷ ሳቅ፣ የእናቷ ጣሪያ ሁሉም አለ። አንድም አዎ የለም። ከዚያች ሴት አንደበት በዓለም ላይ የቀረው የአዎ ድምፅ አሁን አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ያ ውሃ ታንከር የሚታይበት ክፍል ውስጥ፣ ምች በያዘው ደረት ውስጥ።

እሱም ቢሆን እየጠፋ ነበር። በዝምታ ጠፍቶ ቢሆን ይሻል ነበር። ሕመሙ ሲበረታ አሮጊቷ በተነፈሰች ቁጥር አየሩ ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ እያለ ይገባ ጀመር፤ አጭር፣ ጉሮሮ ላይ የምትቀር፣ እንደ መደንገጥ ያለች። ሳይጠይቋትም ሳብ። ተኝታም ሳብ። አዲሱን ትምህርቷን አጥብቃ የያዘችው እባክዎ ግን ከአልጋው አትለይም፤ ውሃ? ትላለች፣ ሳብ ሲል «አዎ አሉ!» ብላ ትነሳለች። ትራስ? አዎ አሉ። ሾርባ? አዎ አሉ። ዋና ነርሷ ከዚህ በኋላ በአፏ ምንም አይገባም ብላ ማንኪያውን ቀማቻት። እባክዎ ባዶ እጇን ይዛ ቆመች። «ግን አዎ እያሉ ነው» አለች።

ወንድሟ ደረሰ። የሹፌር ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ገባና አልጋው ሥር ተንበረከከ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ሲንበረከክ አልጋው ተንቀሳቀሰ። ቅሪባት ያልኩት እኔ ነኝ አላት። መንገድ መንገድ ስል እናት እንዳለው ሰው አልሆንኩም አላት። የሚናገረው እያቋረጠ ነበር።

«እማዬ፣ ይቅር ብለሽኛል?»

ሳብ።

ወንድሟ ፊቱን አልጋ ልብሱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ሲነሳ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ግን የታጠበ ይመስል ነበር። «አዎ አለችኝ፣ ሰማሽ አይደል?» አላት እህቱን።

መቀስ ሥራዋ መስማት ነው። ከጥያቄው በፊት የነበረውንም ሰምታለች፣ ከጥያቄው በኋላ የቀጠለውንም ሰምታለች፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። ይህን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ወንድሟ የአክስታቸውን ስልክ እየፈለገ ነበር።

«ሰማሁ፣ ጋሼ» አለች።

እሱ ሊደውል ወጣ፤ እባክዎም የታጠበ አንሶላ ልታመጣ ተከተለችው። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። ኦክስጅኑ ይንሾካሾካል። በመተላለፊያው ጋሪ አለፈ፣ ሁለት አስታማሚዎች ስለ ሦስተኛዋ ጫማ እያሙ አለፉ። ቀድሞ ቢሆን እናቷ ዓይኗን ወደ በሩ ትወረውር ነበር። ዓይኗ ተከፍቷል፤ የትም አይሄድም።

መቀስ ጎንበስ አለች። ስለ ሾርባው አልጠየቀችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም። በይቅርታ ጥያቄ ላይ ምን ዓይነት መልስ እንደሚገኝ አይታለች። ከወንድሟ የምትለየው በዚህ ነው፤ የሌለ ነገር ሰምታ መጽናናት አታውቅበትም። ግን አንድ ጊዜ መሞከር ነበረባት። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ጠየቀች።

«እማ፣ ልቆይ?»

ሳብ።

ጠበቀች። እስትንፋሱ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ።

«ልሂድ?»

ሳብ።

የተጨፈነ ዓይን ፈለገች። ዓይኑ አልተጨፈነም፤ ወደ ጣሪያው ተከፍቶ ቀርቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ተረቱ፤ እናቷ ስትነግራት የፈሰሰው ሁሉ የሚለቀም አስመስላ ነበር። ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ደርሳ፣ መያዣውን ጨብጣ፣ እንደ ሁልጊዜው ዞረች።

«በሩን ክፍት ልተወው?»

ሳብ።

«ልዝጋው?»

ሳብ።

አንደኛው ከሌላው ይረዝም እንደሆነ፣ አንደኛው ውስጥ ከአየር ሌላ አንዳች ነገር እንዳለ፣ ስንት ዓመት በሠለጠነ ጆሮዋ አዳመጠች፤ አየር ብቻ ነው። ደግማ ልትጠይቅ አሰበችና ተወችው። ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።